ከጦር ሜዳ ወደ ለቅሶ ቤት፦ የእድራችን ዋዝ መኪና አሠራርና አያያዝ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ጉባኤ የዕቃ ማመላለሻ መኪናውን ጉዳይ እንድንከታተል የመረጣችሁን አምስት አባላት ነን። የገንዘቡን ዝርዝር ገንዘብ ያዣችን ለብቻው ያነበዋል። የኛ ፈንታ መኪናይቱ እንዴት እንደ ተሠራች፣ ለምን እንደዚያ እንደ ተሠራች፣ ከእንግዲህ ወዲያም እንዴት መያዝ እንዳለባት ማስረዳት ነው። ገንዘቡ የሁላችን ነው፤ በርሷ ላይ የሚሳፈረውም ሰው የሁላችን ወገን ነው።

ችግሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞት ክረምትና በጋ አይለይም። ጥሩምባው ተነፍቶ ሕዝቡ ሲወጣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና የውሃ በርሜሉ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ከሐዘንተኛው ደጃፍ መድረስ አለበት። ከወንዙ ማዶ ወዳሉት አባሎቻችን ግን በሐምሌና በነሐሴ የኪራይ መኪና አልገባም ይላል። ወጣቶቹ በጭቃ ውስጥ በትከሻ ሲሸከሙ፣ ድንኳኑም ለቀስተኛው ከተሰበሰበ በኋላ ሲደርስ አይተናል። ስለዚህ በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት መኪና አስፈለገችን። አዲስ መግዛት ከአቅማችን በላይ በመሆኑ፣ ቀድሞ በጦር ሠራዊት ስታገለግል የነበረች፣ በጨረታ የወጣች፣ ሞተሯ የሞተ ዋዝ ተገዛች። «እድሩ ቆርቆሮ ገዛ» ያላችሁ አባላት ነበራችሁ። መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ መልሱም ይኸውና።

ዋዝ የምንላት መኪና በኡልያኖቭስክ ከተማ የተሠራች ስትሆን፣ ቁጥሯ 469 የሆነው የዚህች ዓይነት ምርት የተጀመረው በ1965 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። በአገራችን የታወቀችው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሶቪየት የጦር መሣሪያ ጋር ነው። የወታደራዊዋ ልዩ ባሕርይ በያንዳንዱ ጎማ እምብርት ውስጥ ተጨማሪ ጥርስ መኖሩ ነው። በዚህ ምክንያት አክስሉ ከጎማው መካከል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሆዷ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ለሲቪል የተሠራችው ግን 22 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነች። ለድንጋያማው መንገዳችን ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጥቅሙ ሥራ አለበት፤ አራቱም እምብርቶች የየራሳቸው ዘይት ስላላቸው፣ የዲፍረንሻሉን ዘይት ያየ ሰው የጎማውንም አየሁ ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ። የራሷ ሞተር ባለ 4 ፒስቶን ቤንዚን ሲሆን፣ ስፋቱ 2445 ሲሲ፣ ጉልበቱ 75 ፈረስ ነበር። ከዕድሜ ብዛት ፋሻውም ባልቦላውም አልቆ ነበር። ማደስ ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን መለዋወጫውን ፍለጋ ስንዞር ከረምን። የከተማችን ከፍታም የሚታሰብ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ 75 የተባለው ፈረስ እዚህ 75 ሆኖ አይጎትትም። ስለዚህ ሦስት ኤል የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር መረጥን። ስፋቱ 2779 ሲሲ፣ ጉልበቱ ወደ 90 ፈረስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዕቃው በየሱቁ አለ፤ የሰፈራችን መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። መኪናይቱ ለቅሶ በደረሰ ቀን እንዳትቆምብን ከፈለግን፣ ከሞተር ጉልበት ይልቅ የመለዋወጫ መገኘት ይበልጣል ብለን ወሰንን።

ሞተር መቀየር አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት የሚመስለው ሰው ካለ፣ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የቶዮታው ሞተርና የዋዝ ካምቢዮ ቡሎናቸው አይገጥምም። በመካከላቸው ወፍራም የብረት ሰሌዳ በቶርኖ መሠራት ነበረበት። የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሞተሩ ኮሎና የካምቢዮው ዘንግ በአንድ መሥመር ላይ መዋል አለባቸው። ልዩነቱ የሚለካው በሚሊ ሜትር አሥረኛ ነው። ይህ ከተዛባ መኪናዋ ለጊዜው ትሄዳለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ኩሽኔታውም ፍሪሲዮኑም ይበላል። ስለዚህ ሰሌዳውን የሠራልን የቶርኖ ባለሙያ አባላችን ሦስት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ቆረጠ። ወጣቶቹ ሲቸኩሉበትም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እያለ ያበርዳቸው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። የዋዝ ሞተር አካሉ አሉሚንየም ነው፤ የናፍጣው ግን ብረት በመሆኑ ይከብዳል። የፊት ባሌስትራው ሳይጠናከር ቢገጠም አፍንጫዋ ይደፋል፣ የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያም ጉድጓድ ላይ ከአክስሉ ጋር ይጋጫል። ባሌስትራው ተጠናክሮ፣ የሞተሩ መቀመጫ ከሻንሲው ጋር በብየዳ እንደ አዲስ ተሠራ። ራዲያተሩም በሰፋ ተተካ።

ሦስተኛው የነዳጁ መሥመር ነው። ዋዝ ከመቀመጫዎቹ ሥር በግራና በቀኝ ሁለት ሰልባትዮ አላት፤ እያንዳንዱ 39 ሊትር ይይዛል። የናፍጣ ፖምፓ ከሚስበው ውስጥ የተረፈውን ይመልሳል። ከቀኙ እየሳበ ወደ ግራው ቢመልስ፣ ግራው ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈሳል። ይህን ለማስቀረት የሚስበውም የሚመልሰውም በአንደኛው ሰልባትዮ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ሁለተኛው ተዘግቷል።

እዚህ ላይ በየግቢያችሁ መኪና የምትፈቱ ወጣቶች ልብ በሉ። ባዶ የቤንዚን ሰልባትዮ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ብልጭታ ይፈነዳል። የኛው ሰልባትዮዎች ሲታጠቡ እንኳ አንዳች ብየዳ አልተደረገባቸውም። እንደዚሁም በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዲገባ አልፈቀድንም፤ ሁልጊዜ ወፍራም ግንድ ከሻንሲው ሥር ይገባ ነበር። ቀባሪ ማኅበር ሆነን ራሳችንን ለቀብር አናዘጋጅም።

አራተኛው ፍሬን ነው። የመኪናዋ ፍሬን የእግርን ጉልበት የሚያግዝ መሣሪያ አልነበረውም። የአዲሱ ሞተር ዲናሞ ከኋላው የአየር መሳቢያ ፖምፓ ስላለው፣ በዚያ የሚሠራ የፍሬን አጋዥ ተገጠመ። የፍሬኑ ቧንቧና ጎማ ሁሉ በአዲስ ተተካ። በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ አልሞከርንም፤ ያልተነሣ መኪና ያሳፍር ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም፤ አልቆም ያለ መኪና ግን ይገድላል።

በመጨረሻም የወረቀቱ ጉዳይ አለ። ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሞተር ሲለወጥ ቁጥሩም ካልተለወጠ፣ መኪናይቱ በወረቀት ሌላ፣ በመንገድ ሌላ ትሆናለች። በመሆኑም የሞተሩ የግዥ ደረሰኝ ተይዞ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ፣ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ምርመራውንም አልፋ ቦሎ ከተለጠፈላት በኋላ ነው ሥራ የጀመረችው።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ ሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ሞተሯ ጠነከረ ማለት ጭነቷ ጨመረ ማለት አይደለም። ፋብሪካው የወሰነላት ሁለት ሰውና 600 ኪሎ፣ ወይም ሰባት ሰውና 100 ኪሎ ነው። አክስሉ፣ ሻንሲውና የፍሬኑ ከበሮ ያው የቀድሞው ነው። አሁን በረታች ብሎ ድንኳኑንም፣ አግዳሚውንም፣ ወጣቶቹንም በአንድ ጊዜ የሚጭን ሰው፣ ሞተሩ ዳገቱን ያወጣዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን የሚይዘው የለም። ለሐዘን የወጣ ሰው መኪና ላይ ቆሞ «ውረድ» ማለት ለሾፌሩ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ሾፌሩ በይሉኝታ እንዳይሸነፍ፣ ክልከላው የርሱ ሳይሆን የጉባኤው እንዲሆን እንፈልጋለን።

እንግዲህ የሚከተለው እንዲወሰን እናሳስባለን። ከተባለው ጭነት በላይ እንዳትጭን፤ ዕቃ በጫነች ጊዜ ከሾፌሩና ከዕቃ ኃላፊው በቀር ሰው እንዳይሳፈርባት፤ ወደ ወንዙ ስትወርድ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ እንድትወርድ፤ በየወሩ የሞተሩ፣ የካምቢዮው፣ የዲፍረንሻሉና የአራቱ እምብርቶች ዘይት ታይቶ በመዝገብ እንዲጻፍ፤ ለሰርግም ሆነ ለንግድ ለማንም እንዳትከራይ። ከወርኃዊው መዋጮ ላይም ትንሽ ትንሽ ለእድሳት ይቀመጥላት። መዝገቡን የሚይዙት በሥራው ላይ የነበሩት ወጣቶች ቢሆኑ ይሻላል፤ እያንዳንዱን ቡሎን በእጃቸው አጥብቀውታል፣ እኛም ባለፍን ጊዜ የሚያውቃት ሰው ይኖራል።

መድፍ ስትጠብቅ የነበረች መኪና ዛሬ ድንኳንና ድስት ይዛ ሐዘንተኛ ደጅ ትቆማለች። ይህን ያደረገው የእናንተ መዋጮና የአባሎቻችን የእሑድ ጉልበት ነው። ቆርቆሮ ነች ያላችሁን አባላት ግን ከጉባኤው በኋላ ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለችና ሆዷን ጎንበስ ብላችሁ እንድታዩ፣ የምትጠይቁትንም እንድትጠይቁን እንጋብዛለን።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ለቀረነው ጤና ይስጠን።