ምንባቡ ምን አለ?

(ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ባዘጋጀነው የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ «በጽሑፍ ልቀቁልን» ስላላችሁ እንዳለ ለጥፈነዋል።)



ዛሬ ስለ ጀግንነት የምናገር የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ እንግሊዝኛ ምንባብ ላወራ ነው። አትሳቁ! በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ተፈታኝ ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው ሲዘጋ ጉዳችን ወጣ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያጠና ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ቅሬታችን እውነት ነው። ግን መልስ መስጫው ወረቀት ላይ ቅሬታ የሚጠቆርበት ክብ የለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ ምንባብ ያቃተው ልጅ ባዮሎጂውንም አብሮ ነው የሚያጣው።

እስቲ እንሞክረው። ፈተናው ላይ በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው፣ እኔ ግን አስተሳሰቡን ለማሳየት በአማርኛ ጻፍኩት። ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦

«የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጄኔራል ባራቲየሪ የሚመራው የጣሊያን ጦር ሌሊቱን በተለያዩ ረድፎች ተከፍሎ ወደ አድዋ ገሰገሰ። የያዙት ካርታ የኮረብታዎቹን ቦታ በትክክል ስለማያሳይ የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ሄደ። ጠዋት ውጊያው ሲጀመር ረድፎቹ መረዳዳት አልቻሉም። ጦሩም ተሸነፈ። ጣሊያን የኢትዮጵያን ነፃነት ያወቀችበት ውል በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ።»

ጥያቄ አንድ። በምንባቡ መሠረት የአልበርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ የተለየው ለምንድን ነው? ኤ) በኢትዮጵያ ጦር ጀግንነት፤ ቢ) በካርታው ስህተት፤ ሲ) ስንቅ ስላለቀበት፤ ዲ) ባራቲየሪ ስላልነበረ።

እውነቱን ንገረኝ ወንድሜ፣ እጅህ ወዴት ሄደ? ወደ ኤ! እህቴ፣ አንቺም እንደዚያው። የአባቶቻችን ጀግንነት ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ ማን ይክደዋል? ግን አልተጠየቃችሁም። የተጠየቃችሁት ብርጌዱ ለምን እንደተለየ ነው፤ ምንባቡም ካርታው ነው ብሏል። መልሱ ቢ ነው። ፈታኙ ኤን እዚያ ያስቀመጠው ልባችሁን ስለሚያውቅ ነው። እውነት የሆነ ግን ያልተጠየቀ ምርጫ ከሁሉም ወጥመድ ይከፋል፤ ምክንያቱም እሱን ስትመርጥ ኩራት እንጂ ጥርጣሬ አይሰማህም።

ሲን በቀላሉ ትጥሉታላችሁ፤ ስለ ስንቅ የተጻፈ አንድ ቃል የለም። የታሪክ መጽሐፍ ላይ አንብባችሁት ሊሆን ይችላል፤ ለታሪክ ፈተና አቆዩት። ዲ ደግሞ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጋር ይጋጫል። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ትክክለኛውን ከማደን ይልቅ የተሳሳተውን ከነምክንያቱ መጣል። «ይሄን የጣልኩት በዚህ መስመር ነው» ብለህ ጣትህን መስመሩ ላይ ካላሳረፍክ ገና አልጣልከውም።

ጥያቄ ሁለት ትንሽ ይከብዳል። ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል? ኤ) ጣሊያን ዳግመኛ ኢትዮጵያን አልወረረችም፤ ቢ) የጣሊያን ወታደሮች በሙሉ አለቁ፤ ሲ) ከውጊያው እስከ ውሉ ያለው ጊዜ ዓመት አይሞላም፤ ዲ) ውሉን ያረቀቁት ምኒልክ ብቻቸውን ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ «ሲ የሚል የት ተጻፈ?» ብሎ ያልፈዋል። አልተጻፈም! ግን የካቲት 1888ን እና ጥቅምት 1889ን ይዘህ ቁጠር፤ ስምንት ወር ገደማ ነው። ጥያቄው «መረዳት ይቻላል» ሲል ከተጻፈው ተነስተህ አንድ እርምጃ ሂድ ማለቱ ነው። ሁለት እርምጃ ከሄድክ የራስህን ታሪክ መጻፍ ጀመርክ። ቢ ላይ «በሙሉ» የምትለዋን አያችኋት? ምንባቡ ተሸነፉ አለ እንጂ አለቁ አላለም። «ሁሉም»፣ «ፈጽሞ»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት ሲመጡ ቆም በሉ። ሁልጊዜ ስህተት ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ምንባቡም እንደዚያው ጠንክሮ ካልተናገረ ግን ጣሏቸው።

የቃል ትርጉም ጥያቄም አለ። «ኢንጌጅድ» ሲባል ቀለበት ያሰረች ልጅ ነው የሚታየን አይደል? ጦሩ ጠላትን «ኢንጌጅ» አደረገ ሲል ግን ገጠመው ማለት ነው። ምርጫውን አንድ በአንድ የቃሉ ቦታ ላይ አስገብታችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡት፤ የማይሆነው ራሱ ይጮሃል።

«መጀመሪያ ጥያቄውን እናንብብ ወይስ ምንባቡን?» ለምትሉኝ፣ እኔ ጥያቄዎቹን ምርጫዎቹን ሳላይ አንዴ ቃኝቼ ወደ ምንባቡ እመለሳለሁ። ምርጫዎቹን ቀድሞ ማየት ጭንቅላትን ያልተጻፈ ነገር ይሞላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቀየሙኝ። እዚሁ ገጽ ላይ ባለፈው ለተለጠፈ ጽሑፍ የመጣውን አስተያየት ሳነብ ነበር። ግማሹ የሚሰድበው ጽሑፉ ያላለውን ነገር ነው! ርዕሱን አይቶ፣ ደሙ ፈልቶ፣ ኤ ላይ አጠቆረ። ሕዝቤን እወዳለሁ የሚል ልጅ የገዛ ወንድሙን ጽሑፍ ሳይጨርስ «ባንዳ» ሲለው ማየት ያማል። እኛን ለማጋጨት ሐሰት የሚያሰራጭ ሰው የሚተማመንበት ይሄንኑ ጥድፊያችንን ነው።

በሉ፣ ስልካችሁን ገልብጡና ወረቀት አውጡ። አሁን የምንለጥፈው ምንባብ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ ቡና፣ አምስት ጥያቄ፣ አሥር ደቂቃ። መልሳችሁን አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ፤ ከመልሱ ጋር የጣላችኋቸውን ሦስቱንም፣ በየትኛው መስመር እንደጣላችኋቸው። «ሲ» ብሎ ብቻ የሚጽፍ፣ ቢያገኘውም አላርምለትም።