አማርኛ አዋቂ ይፈለጋል

ወደ ረሆቦት አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች፦

ሊብሬ ኦፊስ በነጻ የሚገኝ የጽሕፈት ፕሮግራም ነው። በዕብራይስጥም በአማርኛም ይሠራል፤ በቃላቱና በመምሪያው ላይ ማንም በጎ ፈቃደኛ እርማት ሊያቀርብ ይችላል። «እኛ ኮምፒዩተር የት እናውቃለን?» እንዳትሉ። «አጥፋ» የሚል ቃል ብታዩ ምን ይገባችኋል? እንደ መብራት ማጥፋት ነው ወይስ የጻፉትን መደምሰስ? የሚዘጋ መስሎት ስንት የደከመበትን ደብዳቤ የሚያጣ ሰው አለ። ይህንን ለይቶ የሚያሳየን ቋንቋውን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ጥፋቱ የእኛም ነው፤ የምንበትነው የመጥሪያ ወረቀት ገና ከመጀመሪያው በቴክኒክ ቃላት የተሞላ ነው። እንግዲህ ልጆቻችሁ አንድ ገጽ አትመው ከእርሳስ ጋር ይስጧችሁ፤ ያልገባችሁ ቃል ላይ አስምሩ። ማንበብ ለሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች ልጅ ያንብብላቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ ማስፈሩ የልጆቹ ሥራ ይሁን። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ አትሜ ይዣለሁ።