ምጣድ፣ ሽቦና ደረጃ
በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ እሳት አደጋ ጥንቃቄ የተደረገ ንግግር



የምናገረው በየቤታችን ስላለው ነገር፣ ይኸውም ስለ እንጀራ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ከሱቅ የምንገዛቸው ብዙዎቹ ማከፋፈያዎች ላይ ግን 10 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ላይ ሰክቶ መጋገር ገመዱን አብሮ መጋገር ነው። ሶኬት ሲሞቅ፣ ፕላስቲክ ሲሸት «ልማዱ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ብሬከሩ መብራቱን በቆረጠ ቁጥር በሚበልጥ አምፔር መለወጥ፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይንደድ ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርገውን እኔ ባለሙያ አልለውም።

ደግሞ መብራት ሲጠፋስ? ምጣዱ እንደተሰካ ይተውና ሰው ገበያ ይሄዳል። መብራቱ ሲመለስ ቤት ውስጥ ማንም የለም! እባካችሁ መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ምጣዱን ንቀሉ።

ድስት ውስጥ የነደደ ዘይት ውሃ አይደፋበትም፤ ምድጃውን አጥፍቶ መክደን ነው። የቡና ከሰልም ፍሙ ሳይጠፋ በር ዘግቶ መተኛት አይገባም፤ እሳት ባይነሣም አየሩ ይገድላል።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው በጭስ ነው። ብሎካችን ደግሞ መውጫው ያ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የከሰል ጆንያ፣ በርሜል፣ አሮጌ ፍራሽ ተደርድሮበታል። በጭስ ውስጥ እየዳበሰ የሚወርድ ሰው፣ ያውም ልጅ ያዘለች እናት፣ በየት ትለፍ?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪናዎችን እንዳስቸገረ ሰምተናል። የእኛ ግቢ መግቢያስ? ማታ ማታ መኪና ግራና ቀኝ ይቆምበታል። ስለሆነም ኮሚቴው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በግራ በኩል መኪና እንዳይቆም ሐሳብ አቅርቧል። ባለመኪኖች ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔ እደግፋለሁ።

በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ መጥሪያ ስልክ 939 ነው። ስትደውሉ የብሎኩን ቁጥርና በየት በኩል እንደሚገባ ተናገሩ፤ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል።

ቅዳሜ ጧት በ2 ሰዓት ደረጃውን እናጸዳለን። ፍራሹ የማን እንደሆነ አንጠይቅም፤ ባለቤቱ እስከ ዓርብ ማታ ያንሣው።