ማኅበራችን የራሱን ጽሑፍ ራሱ እንዲከፍት

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጽሕፈትና ሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የጽሕፈትና የሒሳብ ክፍሉን ይዘን የምናገለግል ሦስት አባላት ነን። ሁለታችን በየመሥሪያ ቤታችን የሒሳብ ሠራተኞች ነን፤ ሦስተኛዋ እህታችን ጸሐፊ ናት። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ውለን፣ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የማኅበሩን ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና መዝገብ እንሠራለን። ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው «ለቢሮው ኮምፒውተር ከገዛን ወዲህ ምን ተሻሻለ?» ለሚለው የአባላት ጥያቄ መልስ እንድንሰጥ ነው። መልሳችን ይህ ነው፦ መሣሪያው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጽሑፋችን የማኅበሩ ንብረት የሚሆነው ማናችንም ከፍተን ልናነበው፣ ልናርመውና ለተተኪያችን ልናስረክበው ስንችል ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት አብዛኞቻችሁ የምታውቁትን ጉዳይ እናንሣ።

የመተዳደሪያ ደንባችን ማኅበሩ ሲቋቋም የተተየበው በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ቤት ነው። የተፈረመበት ወረቀት በፋይል ሣጥናችን ውስጥ አለ። በፍላሽ የተሰጠን ግን በእኛ ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የቅንፍና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ አንድ አንቀጽ በተሻሻለ ቁጥር ደንቡ በሙሉ ውጭ ወጥቶ እንደገና ይተየብ ነበር፤ ለዚያም ይከፈል ነበር። በሁለተኛው ትየባ ላይ አንድ መስመር ተዘለለ። የወለደች አባል ለስድስት ወር መዋጮ ባትከፍል የብድር ተራዋ እንዳይተላለፍባት የሚለው መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ለአባላት የታደለው ቅጂ ሁሉ ያ መስመር የሌለበት ሆነ።

አንዲት እህታችን ወልዳ ከአራት ወር በኋላ ስትመለስ ተራዋ ለሌላ ተላልፎ አገኘችው። የታደለው ደንብ ሦስት ወር ያልከፈለች ተራዋን ታጣለች ይላል። እሷ «ደንቡ እንዲህ አልነበረም» አለች፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው ሁሉ ግን ወረቀቱን እያሳየ መለሳት። ማንበብ የማይችሉ አንዲት መሥራች እናታችን ናቸው «ያንን መስመር ያስጻፍነው እኛ ነን፤ የመጀመሪያውን ፈልጉ» ያሉት። የተፈረመው ወረቀት ከሣጥን ወጥቶ ሲነበብ እውነት ሆኖ ተገኘ። ተራዋም ተመለሰላት። ነገር ግን ያች እህታችን አራስ ልጅ ታቅፋ ለሦስት ሳምንት በገዛ ማኅበሯ ውስጥ እንደ ዋሾ ታይታለች። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በእኛ ዘንድ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጽሑፉ ረሳ፣ እናታችን አስታወሱ።

በፍላሹ ላይ ያለው አማርኛ ለምን ጠፋ? መልሱ ከባድ አይደለም። ፊደላችን 33 መሠረታዊ ሆሄያት አሉት፤ እያንዳንዱ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ሏ፣ ቋ፣ ጓ ያሉትን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና አራት ነጥቡን ስንጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል። የድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተሠሩት አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ በነበረው ጊዜ ነው፤ ቦታዎቹም ለላቲን ፊደል የተመደቡ ነበሩ። የአገራችን ባለሙያዎች በዚያ ጠባብ ቦታ አማርኛን አስገብተው ቢሮዎቻችንን ማሠራታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በየራሱ አቀማመጥ ስላስቀመጠው አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ አልቻለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛውም የለም።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። በዩኒኮድ የተጻፈች «ለ» በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ያችው «ለ» ናት። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቷል፤ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለውም በነጻ ይገኛል። በስልካችን በቴሌግራም የምንጻጻፈው አማርኛ ዩኒኮድ ነው። ፓወር ግዕዝ የለመዳችሁ ልማዳችሁን መተው የለባችሁም፤ የኋለኞቹ እትሞች በዩኒኮድ ይጽፋሉ፤ መምረጥ ብቻ ነው። በእጃችሁ ያለ ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አንድ መስመር ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። ወደ ምልክት ከተለወጠ የድሮው ነው።

እኛም ደንቡን በዩኒኮድ አዲስ ተይበነዋል። ሥራው አራት ቅዳሜ ወሰደ። አንዷ የተፈረመውን ወረቀት ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሁለተኛዋ በስክሪኑ ላይ በጣቷ ትከተላለች፤ ሦስተኛዋ ልዩነቱን ትመዘግባለች። ያቺ የጠፋች መስመር አሁን በቦታዋ ናት።

ፊደሉ ብቻ ግን አይበቃም፤ የአጻጻፍ ልማዳችንም መለወጥ አለበት። ብዙዎቻችን ዎርድን የምንጠቀመው እንደ ታይፕራይተር ነው። ርእስ መሀል ለማድረግ የስፔስ ቁልፍ እንደጋግማለን፤ አዲስ ገጽ ለመጀመር ኤንተርን ሃያ ጊዜ እንመታለን። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ሁሉም ይናጋል፤ የፊርማው ቦታ ብቻውን ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። ፊርማ ብቻውን የቀረበት ገጽ ደግሞ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ለማኅበር አደጋ ነው። አዲስ ገጽ ለመጀመር ኮንትሮልን ይዞ ኤንተርን አንዴ መምታት ይበቃል። ርእሱን አድምቆና አተልቆ ከመተው ይልቅ «ሄዲንግ 1» ብለን ብንሰይመው፣ ማውጫውን ዎርድ ራሱ ከነገጹ ያዘጋጅልናል።

ለደንብ ከሁሉ የሚጠቅመው የአንቀጽ ቁጥር ነው። በእጅ የተጻፈ ቁጥር አዲስ አንቀጽ መሀል ሲገባ አይንቀሳቀስም። «በአንቀጽ 14 እንደተገለጸው» የሚለውም፣ አንቀጽ 14 ወደ 15 ሲሸጋገር፣ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚናገር ይሆናል። አንዲት አባል መብቷን ፍለጋ ሄዳ ቅጣት ታነባለች ማለት ነው። ቁጥሩ በራሱ እንዲቆጥር ካደረግነውና «ክሮስ ሪፈረንስ» በሚለው ካያያዝነው፣ ጽሑፉን በሙሉ መርጠን ኤፍ 9ን ስንጫን ሁሉም ይስተካከላል።

ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት ሰዎች ናቸው። አንዲት አባል በመስከረም ወር በአንዱ፣ በጥቅምት በሌላው ከተመዘገበች፣ ስሟን ስንፈልግ የሚገኘው ግማሽ መዋጮዋ ነው። ብድር ስትጠይቅም «ያልሞላ» ይባልባታል። ስለዚህ የእያንዳንዷን ስም በመታወቂያዋ ላይ እንደተጻፈው ይዘን፣ ለሁሉም የአባልነት ቁጥር ሰጥተናል። ቁጥሩ በደረሰኛችሁ ላይ አለ። መዋጮ ስትከፍሉ ቁጥራችሁን ተናገሩ። ለዚሁ ዓይነት ምክንያት ዓረፍተ ነገር ስንዘጋ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ከመምታት እውነተኛውን አራት ነጥብ እንጠቀም። ሁለቱ ምልክቶች ሊነጣጠሉና አንዱ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ወደ ሙያችን እንምጣ። ሒሳብ በዎርድ ሠንጠረዥ አይደመርም። ዎርድ መደመር ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ ያለውን ቁጥር ስናርም ድምሩ ኤፍ 9 እስክንጫን ድረስ እንደ ድሮው ይቆያል። የታተመው ሪፖርት ላይ ዝርዝሩ አንድ፣ ድምሩ ሌላ ይሆናል፤ አባላትም «ገንዘቡ የት ገባ?» ይላሉ። መጠየቃቸው ትክክል ነው። ስለዚህ በኤክሴል ደምረን ውጤቱን ወደ ዎርድ እናሻግራለን። በኤክሴልም ቢሆን ጥንቃቄ አለ። በአንድ ሣጥን ውስጥ «500 ብር» ብለን ከጻፍን ኤክሴል እንደ ቃል ይቆጥረውና የድምር ትእዛዙ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ቁጥሩ ብቻውን ይጻፍ፤ «ብር» የሚለው በዓምዱ ርእስ ላይ ይሁን።

ቀንም እንዲሁ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን በቁጥር ብንጽፍለት የካቲታቸው 30 ቀን ስለሌለው እንደ ቀን አይቀበለውም፤ አብዛኞቹን ሌሎች ቀኖቻችንን ግን እንደ ራሱ ቀን አድርጎ ይይዛቸዋል። ጳጉሜን የምትባል አሥራ ሦስተኛ ወርም አያውቅም። ከዚያ በኋላ የመዘግየት ቅጣት ቢሰላበት ቀኑ ይዛባል። ስለዚህ የቀን ዓምዱን «ቴክስት» አድርገን፣ ዓመቱን አስቀድመን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ቀጥሎ ቀኑን እንጽፋለን። ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፋሉ። እንዲህ ከተጻፈ በቅደም ተከተል ሲደረደር አይዛባም። የፋይሎቻችንንም ስም በዚሁ መንገድ እንጀምራለን፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ» የሚባል ፋይል አይኖረንም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥበቃ ነው። ደንብ ሲሻሻል በዎርድ «ሪቪው» በሚለው ሥር «ትራክ ቼንጅስ» የሚለውን እንከፍታለን። የተሰረዘው ተሰርዞ፣ የተጨመረው በቀለም ይታያል። ጉባኤው አይቶ ካጸደቀ በኋላ ብቻ ለውጡ ይገባል። ለአባላት የሚታደለው ፒዲኤፍ ነው፤ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ በስልክም በሌላ ኮምፒውተርም ያው ሆኖ ይታያል። የሚታረመው የዎርዱ ፋይል በሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ በቢሮው ኮምፒውተር፣ በካዝናው ውስጥ ባለ ፍላሽ፣ እንዲሁም በሊቀ መንበሯ ዘንድ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ያውቃሉ፤ በታሸገ ፖስታም ከሰነዶቹ ጋር አለ። ነገ ማናችንም ብንታመም፣ ብናገባ፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ብንሄድ ማኅበሩ በሩ አይዘጋበትም።

ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ አራት አባላት ይመደቡልንና ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ሥራ እናስተምራቸው። ታይፕ ማድረግ የማይችሉም ይምጡ፤ ጣት ቀስ እያለ ይለምዳል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ውል፣ ደንብና ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት በሁለት ሰዎች ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አንዷ አንባቢ፣ አንዷ ተከታታይ። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን በዚያ ቦታ ይገኙልን። የተባለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸውና የተጻፈውም በእነሱ ጆሮ ይለካ። ሦስተኛ፣ የተሻሻለ ደንብ የሚታደለው ከተፈረመው ጋር ተመሳክሮ፣ ያመሳከሩት ሁለት ሰዎች በመጨረሻው ገጽ ላይ ከፈረሙ በኋላ ብቻ ይሁን።

ለዚህ ሁሉ አዲስ ወጪ አንጠይቅም። ኮምፒውተሩ አለ፣ ፎንቶቹ በነጻ ይገኛሉ፣ ቅዳሜያችንንም እኛ እንሰጣለን። የምንጠይቀው አራቱን ሰዎች ነው። ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉልን፤ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ።