ስለ ሙዚቀኛ የአካልና የመንፈስ ጤንነት
(በሙዚቃ ክፍላችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ዜማ ውበት ልንናገር አይደለም። ስለ ዜማው ብዙ ተብሏል፤ ዜማውን ስለሚያወጣው ክንድና ጀርባ ግን ሲነገር የሰማን ጥቂቶች ነን። ኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ወለም ቢለው ከሜዳ ይወጣል፤ ሰነፍ የሚለውም የለም። የክራር ተጫዋች አንጓው ቢያብጥ ግን እጁን በኪሱ ይደብቃል። ይኸውም ቦታው ለሌላ እንዳይሰጥበት ስለሚፈራ ነው።

ሕመም የትጋት ምልክት ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማስረዳት አሜሪካዊውን የፒያኖ ሊቅ ሊዮን ፍላይሸርን እንጠቅሳለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ገና በ36 ዓመቱ፣ ዝናው በገነነበት ጊዜ፣ የቀኝ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ያለ ፈቃዱ ወደ ውስጥ ይታጠፉበት ጀመር። እርሱም ልምምዱን ይብስ አበረታ፤ ጣቶቹም ጨርሰው እምቢ አሉ። ሕመሙ ዛሬ ፎካል ዲስቶንያ ይባላል፤ ጉድለቱ ያለው በጡንቻው ሳይሆን እንቅስቃሴውን በሚያዘው በአንጎል ነው። ሰውዬው ለ30 ዓመት ያህል ሲያስተምር፣ ኦርኬስትራ ሲመራና ለግራ እጅ ብቻ የተደረሱትን ሲጫወት ኖረ። (ከእነዚህም አንዱን ራቬል የደረሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ ክንዱን ላጣ ፒያኒስት ነው።) በ1990ዎቹ በመርፌ በሚሰጥ ቦቶክስ ተረድቶ በሁለት እጁ ቢመለስም ፈጽሞ ድኛለሁ አላለም።

የኛ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ያለ ዕረፍት በመደጋገም የተቈጣ ጅማት ነው። ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን አውታር ለማፈን ተዘርግተው ይቆያሉ። ሰው የሚያየው ቀኙን ነው፤ ግራው ሳይታይ ይደክማል። ስለ ዕረፍት ማወቅም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ መቋሚያ ይደገፋሉ፤ መቋሚያው ለዝማሜ ብቻ የተሰጠ አይደለምና።

ስለ መድረክ ፍርሃትም አንድ ቃል እንጨምር። ልብ ሲመታ፣ አፍ ሲደርቅ፣ መዳፍ ሲያልብ ሰውነታችን ለሥራ እየተነሣ ነው እንጂ ችሎታችን አልጠፋም። ከመድረክ በፊት በአምስት በስድስት ጓደኞች ፊት መጫወት፣ ትንፋሽንም ቀስ አድርጎ ማውጣት ይረዳል። አንድ መለኪያ አረቄ ግን ፍርሃቱን ከማባረሩ በፊት የጣትን ጥንቃቄ ያባርራል። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን ኪኒን ከጓደኛ ተቀብለው የሚውጡም አሉ፤ የልብን ምት ቢያበርድም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚነካ አይደለም።

ስለዚህ ለክፍላችን ኃላፊዎች የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለመጪው ዝግጅት የሦስት ሰዓቱ ልምምድ ያለ ማቋረጥ መሆኑ ይቅርና በየ25 ደቂቃው አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይሁን። «እጄን አመመኝ» ያለ ተጫዋችም ሐኪም እስኪያየው ድረስ ተቀምጦ ያዳምጥ፤ ስሙ ግን ከዝርዝሩ አይሰረዝ። ሁለተኛው ካልተፈቀደ የመጀመሪያው ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ የሚፈራ ሰው በዕረፍቱም ሰዓት እጁን ከኪሱ አያወጣምና።