እሳቱን በጋራ፤ ቆጣሪውን ለየብቻ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተነግሯል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም አነስተኛ ገቢ ይዞ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ሰው የመብራቱን፣ የማገዶውንና የውሃውን ወጪ እንዴት አድርጎ ሊቀንስ ይችላል የሚለው ነው። «ይህም ንግግር ሆኖ!» የሚል ወንድም ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ገጠር የተመለሱ ጓደኞች ስላሉን ጉዳዩ ለእኛ ትንሽ አይደለም። እነዚህ ጓደኞቻችን የተመለሱት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን የክፍሉ ወጪ ከብዷቸው ነው።

ይህን የምንናገረው ተማሪዎች ያደግነው በደቡብ ወሎ፣ በጃማ ወረዳ ከተማ በደጎሎ ዙሪያ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመግባት ከገጠር ወደ ከተማ መጥቶ ቤት መከራየት ግድ ነበር። ዓርብ ማታ በእግራችን ወደየቤታችን እንሄዳለን፤ እሑድ ማታ ሽሮ፣ በሶና ዱቄት ተሸክመን እንመለሳለን። በመካነ ሰላምም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች የገጠር ልጅ የሚማረው እንዲሁ ስንቁን እየተሸከመ ነው። ስንቁን እናት ትሰጣለች፤ የመብራትና የውሃውን ገንዘብ ግን እናት ከየት ታመጣዋለች?

የተከራየንበት ግቢ ስድስት ክፍል ነበረው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ነበር። በአንደኛው ክፍል አዲስ የተቀጠረ መምህር፣ በሌላው ቡና እያፈላች የምትተዳደር አንዲት እኅት፣ በቀሩት ደግሞ እኛ ተማሪዎቹ ነበርን። ሒሳቡ ሲመጣ ለስድስት እኩል ይካፈላል። ስለዚህ አንዲት አምፖል ብቻ የሚያበራው ልጅና ቀኑን ሙሉ ምድጃ የምትለኩሰው እኅት አንድ ዓይነት ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ጠብ ከግቢው ጠፍቶ አያውቅም። አከራያችን ባልቴት ነበሩ፤ «ልጆቼ፣ እኔስ ከየት አምጥቼ ልክፈልላችሁ?» ይሉና ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቆጣሪውን ያጠፉብን ነበር። በፈተና ሰሞን በጨለማ ስንቀመጥ በልባችን እናማቸው ነበር፤ ዛሬ ስናስበው ግን እርሳቸውም የቸገራቸው ሰው ነበሩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ «ከመጣላት ይልቅ ለምን ቆጣሪውን አናነበውም?» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታና ጧት ቁጥሩን እያነበብን በግድግዳው ላይ በከሰል መጻፍ ጀመርን። ዛሬ የምንነግራችሁም ዋና ነገር የተገኘው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የተረዳነው ነገር ብርሃን ርካሽ፣ ሙቀት ግን ውድ መሆኑን ነው። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። ባለ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን ውስጥ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል አይደርስም። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ግን በዚያው ሰዓት 9 ይፈጃል። ስልክ ቻርጅ ማድረግ በወር አንድ እንኳ አይሞላም። ባለ 1,000 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ቢሠራ ግን በወሩ 45 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የእንጀራ ምጣድማ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋትና ከዚያም በላይ የሚስብ ነው። ስለዚህ አከራያችን አምፖላችንን እያጠፉ የሚቆጥቡት ገንዘብ ከምንም የማይቆጠር ነበር። ገንዘቡ የሚሄደው በምድጃውና በምጣዱ በኩል ነው።

ሁለተኛው የተረዳነው ነገር ደግሞ ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪፍ ጥቂት ለሚጠቀም ሰው እንዲራራ ሆኖ የተሠራ ነው። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የቀድሞው ዋጋ፣ ማለትም 27 ሳንቲም ገደማ፣ እንዳለ እንዲቀር ተደረገ። ለሌላው ግን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ከ101 እስከ 200 ያለው እርከን 1 ብር ከ62 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ ያለው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ አዲስ ታሪፍ ወጥቷል፤ በዚህም ቢሆን ዝቅተኛው ተጠቃሚ እንዲደጎም ታስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ቆጣሪው የሚያውቀው ጠቅላላውን ቁጥር እንጂ ድኻን ከሀብታም አይለይም። ስድስት ድኾች እያንዳንዳቸው 30 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ በአንዱ ቆጣሪ ላይ 180 ሆኖ ይነበባል። ለየብቻቸው ቢሆኑ ስድስቱም ከመጨረሻው ዝቅተኛ እርከን ሳይወጡ በቀሩ ነበር። አንድ ላይ ሲቆጠሩ ግን የአንድ ባለጸጋ ቤት መስለው ይታያሉ፤ ለድኻ የታሰበውም ድጎማ ድኻው ደጃፍ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

ከዚህ የተነሣ ሁልጊዜ የምንደጋግመው አንድ ቃል አለን፤ ይኸውም «እሳቱን በጋራ፤ ቆጣሪውን ለየብቻ» የሚል ነው። በግቢያችን ይሠራ የነበረው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ቆጣሪያችን የጋራ፣ እሳታችን ግን የየብቻ ነበር፤ በሁለቱም በኩል እንከስር ነበር።

እሳቱን በጋራ ማለት ምን እንደ ሆነ በእንጀራው እንመልከት። ምጣዱ እስኪግል 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል እንበል፤ ለአንድ ሰው ሳምንት 12 እንጀራ፣ አንዱን በ3 ደቂቃ ብንጋግር 36 ደቂቃ ይሆናል። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። አራት ሰዎች ለየብቻቸው ሲጋግሩ ወደ 12 ይጠጋል። በአንድ ቀን ተከታትለው በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ ግን ምጣዱ የሚሞቀው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ከ9 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ይተርፋል ማለት ነው። ሸክሙም በአንድ ሰው ቆጣሪ ላይ እንዳይወድቅ ተራ ይገባሉ፤ በዚህ ሳምንት በአንዱ ቤት፣ በሚቀጥለው በሌላው ቤት ይጋገራል። ይህ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በአጨዳ ጊዜ ወንፈል ይሉት የነበረው ይኸው ነው፤ ከአጨዳው ወደ ምጣዱ ማምጣት ብቻ ነው የቀረን።

የወጡም ነገር እንዲሁ ነው። በእንደኛ ባለ ደጋ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ባቄላውና ሽምብራው ቶሎ አልበስል የሚለን በዚህ ምክንያት ነው እንጂ እህሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስቱን ሁልጊዜ መክደን፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ ያስፈልጋል፤ የሚንተከተክ ውሃ በኃይል ስለ ነደደ ከሚፈላበት ዲግሪ አይበልጥምና። ከዚህም ሌላ በደንብ የፈላውን ድስት ከእሳት አውርዶ ገለባ በሞላበት ቅርጫት ውስጥ ማስቀመጥና በላዩ ብርድ ልብስ መደረብ ይቻላል፤ ያለ እሳት በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ማገዶ ሲቸግር የቤት እመቤቶች ድርቆሽ በሞላበት ሣጥን እንዲህ ያበስሉ ነበር። ገለባ በጃማ ሜዳ ላይ ሞልቶናል።

ስለ ማገዶ አንድ ነገር እንጨምር። ደጋችን ዛፍ የጎደለበት አገር ነው። ከጥንቱ ደን ብዙ የቀረን የለም፤ በቦረና ሳይንት በኩል ያለውን የደንቆሮ ጫካን የመሰለ ጥቂት ብቻ ነው። ስለዚህ ኩበት እናነድዳለን፤ ኩበት ስናነድድ ደግሞ የማሳችንን ማዳበሪያ ማንደዳችን ነው። ከሰል የሚጠቀም ሰው ላቀች የሚባለውን ምድጃ፣ በእንጨትና በኩበት የሚጋግር ቤተሰብ ምርጥ የሚባለውን ምድጃ ቢይዝ ከጥንቱ ጉልቻና ከቆርቆሮው ምድጃ ይልቅ ማገዶ ይቆጥባል። ነገር ግን ለመቆጠብ ብላችሁ ነፍሳችሁን እንዳትከፍሉ እንለምናችኋለን። በደጋ ብርድ ክፍልን ዘግቶ የከሰል ፍም አስገብቶ መተኛት ሰው ይገድላል። መርዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። እንደዚሁም የኤሌክትሪክ ሽቦ በስርቆት መቀጠል ቁጠባ አይደለም፤ እሳትና ሞት መጥራት ነው።

ውሃውም ቢሆን እንደ መብራቱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። አንዱ ጀሪካን በ5 ብር ቢገዛ ሜትር ኩቡ 250 ብር ደረሰ ማለት ነው። በጀሪካን የሚገዛው ድኻ ቧንቧ ካለው ሰው ይልቅ ውሃን አብልጦ የሚከፍልበት ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ብዙ ሆነው ከቦኖ ተራ በተራ መቅዳት፣ ልብስ የታጠበበትን ውሃ ለወለል ማዋል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲያዩ ጎማውን ወዲያው ማስለወጥ ይገባል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር ያላነሰ ያፈሳል።

አሁን ቆጣሪውን ለየብቻ ወደሚለው እንመለስ። ይህን በሁለት ከፍለን ማየት አለብን። በየክፍሉ መግቢያ የምትገጠም ትንሽ ቆጣሪ ሒሳቡን በትክክል ታካፍላለች፤ ጠብን ታስቀራለች፤ ነገር ግን የድኻውን እርከን አታስመልስም፤ ዋናው ቆጣሪ ያው አንድ ነውና። እርከኑን የሚያስመልሰው በሕግ የተመዘገበ የየራስ ቆጣሪ ነው። ይህም ገንዘብና የአከራይ ፈቃድ ይጠይቃል። አንድ ተማሪ ብቻውን ሄዶ ይህን ቢጠይቅ የሚሰማው የለም። ማኅበር ሲጠይቅ ግን ይሰማል ብለን እናምናለን።

ክቡራን መምህሮቻችን፤ ጓደኞቻችን፤

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችን በመምህሮቻቸው መሪነት የየቤቱ ዕቃ በሰዓት ስንት እንደሚፈጅ የሚያሳይ አንድ ገጽ በቀላል አማርኛ አዘጋጅተው በዚሁ ጋዜጣችን ያውጡልን። ሁለተኛ፣ በመጪው ክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ በደጎሎ፣ በመካነ ሰላምና በሌሎችም ከተሞች ለሚከራዩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቆጣሪ ማንበብን እናስተምር፤ ከአከራዮችም ጋር በሰላም ተቀምጠን እንነጋገር። ሦስተኛ፣ ማኅበራችን ለሚመለከታቸው ክፍሎች ደብዳቤ ጽፎ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ የሚታይበት ወይም የየራስ ቆጣሪ በቀላሉ የሚገኝበት መንገድ እንዲፈለግ ይጠይቅ። ዓባይ በቦረና ምዕራብ ጥልቁን ሸለቆ ቆርጦ የሚያልፍ የእኛ ወንዝ ነው፤ የሕዳሴው ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ የሚወጣው ብርሃን የደጎሎን ተማሪ መጽሐፍ እስከ ማታ አምስት ሰዓት እንዲያበራ መጠየቅ የበዛ ነገር አይመስለንም።

በእኛ ግቢ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ሳንነግራችሁ አንወርድም። የግድግዳውን ጽሑፍ ለአከራያችን አነበብንላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «እንግዲያው ሌባው ምጣዱ ነዋ!» አሉን። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርሳቸው ምጣድ አብረን እንድንጋግር ፈቀዱልን፤ ሒሳቡም እንደየአጠቃቀማችን ተደለደለ። ማታ ማታ ቆጣሪውን ማጥፋታቸውንም ተዉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ከዚያ ግቢ ዛሬ እዚህ የደረስነው ሦስት ነን፤ ሌሎቹም እንዲደርሱ ስንል ተናገርን።