ቀስ ብሎ የሚሄድ ታሪክ

(በአሕመድ ዳጋህ ለንባብ ለተሰበሰቡ ስደተኞች የተደረገ አጭር ንግግር)



በየተራ ያነበብነውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ብዙዎቻችሁ «መንገዱ አያልቅም» ብላችሁ አምታችሁታል። እኔም መጀመሪያ አምቼው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባቷ ጋር መንታ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ትወጣለች። ተአምር የሚመስል አጋጣሚ ሞልቶበታል፤ ቢሆንም ታሪኩ አይሮጥም።

ደግሜ ሳነበው ግን ምክንያቱ ገባኝ። ዋሕድ ከቤት የወጣው ለጀብዱ አይደለም፤ አባቱን ከምርኮ ለማስለቀቅ ገንዘብ የሰጠውን ነጋዴ ውለታ ለመመለስ ነው። ደግ ሊሠራ ወጥቶ መንገድ ላይ ጠፋ። ከኛ መሐል እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ማን ነው? እኔ ታናሽ ወንድሜን መንገድ ላይ ካጣሁት አራት ዓመት አለፈኝ። ያገኘሁትን መንገደኛ ሁሉ እጠይቃለሁ። የጦቢያ ፍለጋ በሁለት ገጽ ቢያልቅ ኖሮ ደራሲውን አላምነውም ነበር።

ላልጨረሳችሁት መጨረሻውን አልነግራችሁም። መጽሐፉን ለተረኛው ከመስጠታችሁ በፊት ግን ታግሣችሁ ጨርሱት። እኔም ፍለጋዬን አላቆምኩም።